ይነሳል፣ ግን አይስብም

ለወራት ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ የሚናገረው ነገር ብዙም አይለያይም። ባትሪ አስቀይሯል፣ ትኩስ ቤንዚን ቀድቷል፣ ሞተሩም በስንት መከራ ተነስቷል። ሚኒሞ ላይ ደህና ይሠራል። ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ይታፈናል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች ይላል። ዳገት ከመጣማ ወርዶ መግፋት ነው።

እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል በአገራችን የሚጠፋ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድ፣ ፈቃድ ያላገኘው በየግቢው ሸራ ለብሶ ከረመ። በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጓሮ ጎማና መለዋወጫ እየጠበቀ ክረምት ከበጋ የሚፈራረቅበትም አለ። ቤንዚን ሲጠፋ የቆመ፣ ባለቤቱ ዓረብ አገር ሲሄድ ለወንድሙ አደራ የተተወ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሕመሙ ግን ተመሳሳይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄማ ፋሻው አልቋል፤ ቴስታታ ይከፈትና እንየው» ይላል የቸኮለ መካኒክ። ባለቤቱ እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ሳቆመው ደህና ይስብ ነበር፤ ቆሞ ምኑ አለቀ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ብር ይተርፈዋል። ፋሻና ሲሊንደር የሚበላሉት በመፋተግ ነው፤ የቆመ ሞተር ደግሞ አይፋተግም። በመቆም የሚበላሹት ሌሎች ናቸው፦ ቤንዚኑ፣ ከጎማ የተሠራው ዕቃ፣ ባትሪውና ዘይት የማይደርሰው ብረት። ፍለጋው ከነዚህ፣ በተለይም ከቤንዚኑ ቢጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ መድረስ አያስፈልገውም።

ቤንዚን ወጥ ፈሳሽ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሃይድሮካርቦን ዓይነቶች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ ቀዝቃዛ ሞተርን በጠዋት የሚያስነሱት እነሱ ናቸው። ከባዶቹ ወደ ኋላ ይቀሩና ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሃዱ ወደ ሙጫነት ይለወጣሉ። ሰርባቶዮ ውስጥ ያለው አሥር ሊትር እስኪበላሽ ጊዜ ይፈጃል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ሳህን የምትይዘው ግን ከቡና ሲኒ አይበልጥም፤ አየርም እንደ ልብ ታገኛለች። ስለዚህ የላዩ ቤንዚን ገና ደህና ሆኖ የሳህኗ ሊሞት ይችላል። በጥቂት ሳምንታት ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ማለት ይጀምራል፤ ወራት ሲያልፉ ሳህኗ ሥር ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ደረቅ ቅባት ይቀራል። ባለቤቱ ትኩስ ቤንዚን ሲቀዳ ይህ ሙጫ ታጥቦ የሚሄድ ይመስለዋል። የደረቀውን ግን ቤንዚን ብቻውን እምብዛም አያሟሟውም።

ሙጫው የሚጎዳው ቀዳዳዎቹን ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን እየተለካ የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ የናስ ብሎኖች አሉ፤ አንዷ ለሚኒሞ፣ ሌላዋ ለሙሉ ጉልበት። በ100 እና በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚኒሞዋ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ትልቋ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ትጠጋለች። ግማሽ ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ የፀጉር ውፍረት ያህል ሙጫ ከተለጠፈ የሚያልፈው ቤንዚን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ነዳጅ ስንሰጥ ከነተሸካሚዋ ወደ ላይ የምትነሳ ሾጣጣ መርፌ አለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር ዙሪያዋ ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል።

እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተራ አላቸው። የነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሳለና እስከ ስምንተኛው ድረስ ሲዞር የምትመግበው የሚኒሞዋ ቀዳዳ ናት። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ወሳኟ መርፌዋ ናት። ከሦስት አራተኛ በላይ ሲዞር ዋናዋ ቀዳዳ ትረከባለች። እንግዲህ «አይስብም» የሚለው ቃል ብቻውን የትም አያደርስም። የቱ ላይ ነው የማይስበው? ሊነሳ ሲል? መሃል ላይ? ወይስ ሙሉ ሲሰጡት?

ይህን ለማወቅ የነጭ ፕላስተር ቁራጭ ይበቃል። በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ አንድ፣ በማይዞረው ጎኑ ላይ ደግሞ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሉ ምልክቶች ይለጠፋሉ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ እየሄዱ እያንዳንዱ ምልክት ላይ ትንሽ መቆየት ነው። ሲነሳ ተንገጫግጮ ከሩብ በኋላ የሚስተካከል ሞተር የሚኒሞዋን ቀዳዳ ይከሳል። እስከ ግማሽ ደህና ስቦ ሙሉ ሲሰጡት የሚታነቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዋናዋ ቀዳዳ ይዞራል፤ ወይም ቤንዚን ከላይ በበቂ አይወርድም።

አንድ ወጥመድ አለ። የሚኒሞዋ ቀዳዳ ስትደፈን ሞተሩ እየጠፋ ስለሚያስቸግር መካኒኩ የሚኒሞውን ብሎን ጠበቅ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ያኔ ሞተሩ የሚሠራው በሚኒሞዋ ቀዳዳ ሳይሆን በትንሹ ተከፍቶ በቀረው መስጫ ነው። ባለቤቱ «ሚኒሞው ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው» ብሎ ይምላል፤ ማስረጃው ግን በካቻቢቴ ተሸፍኗል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ ሳይሆን ከፍ ባለ ድምፅ እየጮኸ ከሆነ መጀመሪያ ይህ ብሎን ወደ ቦታው ይመለስ።

ሁለተኛው ፈተና ቾኩ ነው። ሞተሩ በሚታፈንበት ምልክት ላይ እያለ ቾኩን በግማሽ መሳብ። ቾክ የቤንዚኑን ድርሻ ያበዛል። ስቦት ከተሻለው ሞተሩ ቤንዚን ተርቧል ማለት ነው፤ ይበልጥ ከታፈነ ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይም ችግሩ ከቤንዚን ጋር አይገናኝም። ከዕቃ ገዥነት የሚያድን ምንም ብር የማያስወጣ ፈተና ቢኖር ይህ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

ረሃብ መሆኑ ከታወቀ ካርቡሬተሩ ይውረድ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋል፣ ከሳህኗ ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ላላ ተደርጋ ያለው ፈሳሽ በብርጭቆ ይቀዳል። ብርጭቆው ብዙ ይናገራል፦ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል፣ ዝገት ካለ እንደ ቀይ አፈር ይዘቅጣል። ሳህኗ ስትፈታ ጓርኒሲዮኗ እንዳትቀደድ መጠንቀቅ ነው። ድብልቁን የምታስተካክለው ብሎን ከመፈታቷ በፊት እስከ መጨረሻው በእርጋታ ተጠብቃ ስንት ዙር እንደሄደች ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስትመለስ ያችኑ ያህል ትላላለች። የናስ ብሎኖቹ ሲወጡ በዓይንና በሰማዩ መካከል ይያዙ። ንጹሕ ቀዳዳ ጠርዙ ክብ ሆኖ ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተደፈነው ጭራሽ አያሳይም፤ በግማሽ የተደፈነው ደግሞ ጠርዙ የተበላ ጨረቃ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ይኸኛው ነው፣ «ብርሃን ያሳልፋል» ተብሎ ስለሚመለስ።

የልብስ መስፊያ መርፌ ማስገባት ነውር ነው። ናስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይጠጣል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ የተመዘዘ አንድ የመዳብ ክር ይሻላል። በካርቡሬተር ማጽጃ ተነክሮ ካደረ በኋላ ጎሚስታው ጋ ወስዶ በኮምፕሬሶር አየር ማስነፋት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ዓይን ይሸፈን። አየሩ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በጣት መሰማት አለበት፤ ብሎኖቹን ብቻ አጽድቶ በካርቡሬተሩ ገላ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች የተወ ሰው በማግስቱ ተመልሶ ይፈታል።

አንዳንድ ካርቡሬተር ላይ ከላይ ክዳኑ ሥር ስስ የጎማ ሽፋን አለ። ሞተሩ የሚስበው አየር ይህን ሽፋን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ እሱም መርፌዋን ይዞ ይነሳል። ለብዙ ጊዜ ቆሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የስፌት ቀዳዳ የምታክል ክፍተት እንኳ ካለች መርፌዋ ሙሉ ከፍታዋ ላይ አትደርስም፤ ሞተሩም መሃል ላይ ደርሶ ይቀራል። ሽፋኑን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። ማጽጃ ኬሚካል ግን እንዳይነካው፤ ያብጥና ቦታው ላይ አይገባም።

ካርቡሬተሩ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ካልጠፋ ወደ ላይ፣ ወደ ሰርባቶዮው መሄድ ነው። በግማሽ ጎድሎ የቆመ ሰርባቶዮ ባዶው ክፍል በአየር የተሞላ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ እርጥበቱን ራሱ ይስባል፤ ሲጠግብ ውኃውና ኢታኖሉ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉና ከሥር ይዘቅጣሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ በ5 በመቶ መቀላቀል ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ዛሬም ከአብዛኛው ማደያ የሚቀዳው 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ነው፤ ሞተር ሳይክሉንም ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ስለሚያቆመው ይህ ክፍል በተለይ ይመለከተዋል።

አሮጌውን ቤንዚን ሲያወጡ በአፍ ምጎ መሳብ የለመደብን ክፉ ልማድ ነው። ቤንዚን ሳንባ ውስጥ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅሎ በራሱ ክብደት ወደ ጀሪካን ማፍሰስ እየተቻለ ምን አስቸኮለን? ከሰልና ሲጋራም ከአካባቢው ይራቁ። የቱቦው ፍሰት ራሱ ፈተና ነው፤ መክፈቻው ሲከፈት ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። መጀመሪያ ደህና ወርዶ እየቀጠነ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ የሰርባቶዮውን ክዳን መክፈት ነው። ክዳኑ ሲከፈት እፍ ብሎ አየር ከሳበና ፍሰቱ ከተመለሰ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ በአቧራ ተደፍናለች። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ከቤት ሲወጣ ደህና ስቦ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይዳከምና ይጠፋል፤ ለማረፍ ቆሞ ሲነሳ ደግሞ እንደገና ደህና ይሆናል። ብዙ ባለቤት «ሲሞቅ ይጠፋል» ብሎ ካንዴላና ቦቢና ያስቀይርበታል።

የአየሩን መንገድ በአጭሩ እንለፈው። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በጊዜ ብዛት ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። አይጥ ከማጣሪያው ቤት የተሻለ ጎጆ አታገኝም፤ ተርብም ማርሚታ ውስጥ በጭቃ ይሠራል። ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ማርሚታው ላይ ጨርቅ ወትፎ የረሳ ባለቤትም አይጠፋም። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ አንገት ከተሰነጠቀ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የሳሙና ውኃ ሲረጭበት ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው።

ወደ እሳቱ እንምጣ። ካንዴላን ነቅሎ ብረት ላይ አስደግፎ ብልጭታውን ማየት የተለመደ ነው፤ ብልጭ ካለ «እሳቱ ደህና ነው» ይባላል። ፈተናው ግን ግማሽ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ለብልጭታ ከውጭው አየር ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የሚገባው ድብልቅ ስለሚበዛ እምቅታው ይጨምራል፤ ደካማ እሳት ሚኒሞ ላይ ችሎ የሚሸነፈውም በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ በመቆም የዛገውን የካንዴላ ቆብ ማውለቅ፣ ሽቦው የገባበትን ጫፍ ማየት፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ ጫፉን ትንሽ ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይገባል። አዲስ ካንዴላ ርካሽ ነው፤ ክፍተቱ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እሳቱን ከባትሪ የሚያገኝ ሞተር ሳይክል ከሆነ ባትሪውም ይለካ። ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው፣ ለወራት ባዶውን ከቆየ ደግሞ ቻርጅ ቢደረግም እንደ ድሮው አይይዝም።

አሁን ሌላ ነገር እንጠይቅ፦ የደከመው በእርግጥ ሞተሩ ነው? ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ሞተር ሳይክሉን በጠፍጣፋ ቦታ መግፋት ነው። በአንድ እጅ ካልሄደ የያዘው ነገር አለ። የኋላው ፍሬን ከበሮ ውስጥ ያለው መግፊያ ዘንግ ቅባቱ ሲደርቅ ይዝግና ከተረገጠ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ጥቂት ነድቶ፣ ፍሬን ሳይዙ አቁሞ፣ የከበሮውን መሃል በእጅ ጀርባ መንካት እውነቱን ያወጣል፤ የሚያቃጥል ከሆነ ሞተሩ ከራሱ ፍሬን ጋር ሲታገል ነው የዋለው። የዛገች ካቴና መታጠፊያዎቿ ይደርቁና እንደ በትር ቀጥ ይላሉ። የጎማ ነፋስ ደግሞ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፤ ማንም አያየውም።

ከዚህ በተቃራኒው የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ገመዱ ዝጎ ወይም ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ የእጅ መያዣው ጫፍ ፍሪሲዮኑ ሳይነካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ላላ ማለት አለበት። ሌላው ምክንያት ዘይት ነው። ቆሞ ለከረመ ሞተር ዘይት መቀየር ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ሳለ፣ ከቤት መኪናው የተረፈውን የሚጨምር አለ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ተነክሮ ነው፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚያንሸራትት ቅመም አለበት። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለውን መግዛት ነው።

ከመተሐራ ወይም ከአዋሽ ተጭኖ አዲስ አበባ የገባ ሞተር ሳይክል ከሆነ የቦታውን ከፍታም ማሰብ ያስፈልጋል። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ቾክ ሲሳብ ይብስበታል። እዚህ መድኃኒቱ መርፌዋን በአንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ወይም አነስ ያለች ዋና ቀዳዳ መግጠም ነው። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው፤ ሲቆሙ የሚታመሙት በፓምፓቸውና በመርጫቸው ነው፣ ያንን ደግሞ በቤት ውስጥ ባይነካኩት ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ አሁንም ካልሳበ የእምቅታ መለኪያ ይፈለግ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላው ወጥቶ፣ የነዳጅ መስጫው ሙሉ ተከፍቶ ይለካል፤ መስጫው ተዘግቶ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። ቁጥሩ የሞተሩ መጽሐፍ ከሚለው በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ መለካት ነው። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ የቆመ ሞተር ፋሻ ደግሞ አልቆ ሳይሆን በደረቀ ዘይት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ዘይት ተደርጎለት አድሮ ለጥቂት ቀን ሲነዳ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቫልቮቹን መጠርጠር ይገባል። ሞተር ሲቆም አንዱ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ከቆመ እርጥበት መቀመጫውን ያገኘዋል። መጀመሪያ ግን የላይኛው ክዳን ብቻ ተከፍቶ የቫልቩ ክፍተት በመለኪያ ቅጠል ይታይ፤ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ትክክል ሆኖ አየር የሚያመልጥ ከሆነ ቫልቩ ይወጣል። መቀመጫው ላይ የያዘው ዝገት ስስ ከሆነ በመፍጫ ቅባት እዚያው ጋራዡ ውስጥ ይፈጫል፤ ከተቦረቦረ ግን ሥራው የቶርኖ ቤት ነው።